ማን ይሠራዋል? የክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ዳታቤዝ እንዲቀይር ከመጠየቅ በፊት

አንዲት እናት የልጃቸውን የትምህርት ቤት ካርድ ይዘው ጅማ ወዳለችው ትንሽ የኮምፒውተር ጥገና ቤቴ መጡ። በካርዱ ላይ የልጁ ስም፣ የአባቱ ስምና የክፍሉ ደረጃ በትክክል ሰፍሯል። «የትውልድ ቀን» በሚለው መስመር ላይ ግን ስምንት ዜሮዎች ተደርድረዋል። «ልጄ የተወለደው ጥቅምት 30 ቀን ነው። ይኼ ደግሞ የየትኛው አገር አቆጣጠር ነው?» አሉኝ። የተማሪዎቹን መዝገብ የሚይዘውን ፕሮግራም ለትምህርት ቤቱ የጫንኩት እኔ ነኝና መልስ የመስጠቱ ዕዳም የእኔ ነበር።

ፕሮግራሙ ውጭ አገር የተሠራ ክፍት ምንጭ ነው፤ ኮዱን፣ ማለትም የተጻፈበትን ትእዛዝ፣ ማንም አንብቦ ሊያርመው ይችላል፤ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ግን የልደት ቀን የምታስገባው በእኛው አቆጣጠር ነው። ጥቅምት ሁለተኛው ወራችን ስለሆነ ጥቅምት 30 ቀን 2009 ዓ.ም. ወደ ኮምፒውተሩ የገባው «ዓመት 2009፣ ወር 2፣ ቀን 30» ተብሎ ነው። ኮምፒውተሩ ሁለተኛ ወር ሲባል የሚያውቀው ፌብሩዋሪን ነው፤ ፌብሩዋሪ ደግሞ 30 ቀን ኖሮት አያውቅም። አስተዋይ መዝገብ ያዥ ቢሆን «እንዲህ ያለ ቀን የለም፤ አልመዘግብም» ይል ነበር። የእኛው መዝገብ ያዥ ግን ትንፍሽ ሳይል ዜሮ ደርድሮ አለፈ።

ወረቀት አውጥቼ አሰላሁት። ጥቅምት 29 እና 30፣ በዚያ ላይ ኮምፒውተሩ ጨርሶ የማያውቀው አሥራ ሦስተኛው ወር፣ ማለትም የጳጉሜን አምስት ቀናት፤ በተራ ዓመት በድምሩ ሰባት ቀን ይሆናል። 365 ለሰባት ሲካፈል 52 ይደርሳል። ሃምሳ ልጆች በተቀመጡበት ክፍል ውስጥ አንዱ ልደት የለሽ ይሆናል ማለት ነው። የቀሩት አርባ ዘጠኙ ቀናቸው ልክ መስሎ ስለሚገባ ማንም ምንም አልጠረጠረም።

ያን ዕለት ማታ ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ረጅም ደብዳቤ ጻፍኩ። ፕሮግራማቸው ማይኤስኪውኤል በተባለው ዳታቤዝ ላይ ብቻ የሚሠራበትን ምክንያት ጠየቅኩ፤ ፖስትግሬስ የተባለው ቢሆን ኖሮ የማይኖር ቀን ሲሰጡት ገና በመጀመሪያው ቀን ይጮህ እንደነበር አስረዳሁ፤ የፖስትግሬስን በጎነት ሁለት ገጽ ሙሉ ዘረዘርኩ። የመጣልኝ መልስ ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ ማን ይሠራዋል?

ቅር ተሰኘሁ፤ አልዋሽም። ጥያቄው ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነበር። የሚከተለው ማብራሪያም ለምን ትክክል እንደሆነ የገባኝን ያህል ለመናገር የተጻፈ ነው። ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ የልጆቹ ልደት ብቻ በእኛ ነው።

ዳታቤዝ ማለት መረጃን ተረክቦ የሚያስቀምጥ፣ የሚጠብቅና ሲጠየቅ አውጥቶ የሚሰጥ ፕሮግራም ነው። ጅማ ላይ ሆኖ ይህን በቡና መጋዘን ማስረዳት ይቀላል። ገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ያመጣል፣ ሰብሳቢው ይረከባል፣ አቅራቢው ያከማቻል። በመጋዘኑ ውስጥ አንድ መዝገብ ያዥ አለ፤ እርሱ ሳይጽፈው አንድ ፈረሱላ አይገባም፣ እርሱ ሳይጽፈው አንድ ፈረሱላ አይወጣም። ገዢው የሚያየው በር ላይ ያለውን ሻጭ ነው። በኮምፒውተሩ ዓለም ድረ ገጹ፣ የሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ፕሮግራም ወይም የተማሪዎቹ መዝገብ ያ ሻጭ ነው፤ ዳታቤዙ ደግሞ ከኋላ የተቀመጠው መዝገብ ያዥ።

መዝገብ ያዡን የምናነጋግርበት ቋንቋ ኤስኪውኤል ይባላል። መነሻው ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ በ1970 ያሳተመው ጥናት ነው፤ መረጃን በሰንጠረዥ፣ በረድፍና በዓምድ የማስቀመጡ ሐሳብ የእርሱ ነው። ቋንቋው በ1986 ደረጃ ወጣለት። ደረጃ ወጣለት ማለት ግን ሁሉም አንድ ዓይነት ይናገረዋል ማለት አይደለም። የጎጃሙም አማርኛ ነው፣ የወሎውም አማርኛ ነው፤ ሰው ከሰው ይግባባል። ኮምፒውተር ግን «ምን ለማለት ፈልጎ ነው» ብሎ የሚገምትበት ይሉኝታ የለውም። አንዲት ምልክት ከተለወጠች አልሰማሁም ይላል። ችግሩ ሁሉ የሚፈልቀው ከዚህ ነው።

ስለ ሁለቱ መዝገብ ያዦች ታሪክ ጥቂት ልበል፤ የአሁኑ ጠባያቸው የመጣው ካደጉበት ቤት ነውና። ፖስትግሬስ፣ በሙሉ ስሙ ፖስትግሬስኪውኤል፣ የዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። በ1986 በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ በማይክል ስቶንብሬከር መሪነት ተጀመረ፤ በ1994 ሁለት ተማሪዎች ኤስኪውኤልን አስተማሩት፤ በ1996 የዛሬ ስሙን አገኘ። ከዚያ ወዲህ በተለያየ አገር የሚኖሩ ሰዎች በጋራ የሚያሳድጉት ነው፤ አንድ ኩባንያ «የእኔ ነው» ሊለው አይችልም። ፈቃዱም አጭርና ለጋስ ነው፦ ውሰድ፣ ቀይር፣ ከፈለግህም ሽጠው፤ የባለመብትነቱን ማስታወቂያ ብቻ አታጥፋ።

ማይኤስኪውኤል በ1995 ስዊድን ውስጥ ከአንድ ኩባንያ ተወለደ። ከመሥራቾቹ አንዱ የሆነው ማይክል ዊዴኒየስ ስሙን ያወጣው «ሚ» ከተባለች ልጁ ነው። ፈጣን፣ ቀላልና ነጻ ነበር፤ ድረ ገጽ መሥራት እንደ እንጉዳይ በፈላበት ዘመን ርካሽ የድረ ገጽ አስተናጋጆች ሁሉ እርሱን አቀረቡ። ፖስትግሬስ ያን ጊዜ በዊንዶውስ ላይ በቀጥታ መጫን እንኳ አይቻልም ነበር፤ ይህ የተቻለው በ2005 ነው። በ2003 የተጀመረው የድረ ገጽ መሥሪያ ዎርድፕሬስ ማይኤስኪውኤልን መረጠ፤ ከእርሱ ጋር ትውልድ ሙሉ የድረ ገጽ ሠሪ ማይኤስኪውኤልን የዳታቤዝ ሌላ ስም አድርጎ አደገ። እኔም ከእነርሱ አንዱ ነኝ።

ከዚያ ንብረቱ እጅ በእጅ ተላለፈ። በ2008 ሳን ማይክሮሲስተምስ አንድ ቢሊዮን ዶላር ገደማ አውጥቶ ገዛው፤ በ2010 ሳን ራሱ ኦራክል እጅ ገባ። ኦራክል ደግሞ በውድ የሚሸጥ የራሱ ዳታቤዝ ያለው ኩባንያ ነው። የጎረቤቱን መጋዘን የገዛ ነጋዴ ሁለቱንም እኩል ይንከባከባል ወይ ብሎ መጠራጠር ተገቢ ነው። ዊዴኒየስ ከዚያው ኮድ ቅርንጫፍ አውጥቶ ማሪያዲቢን ጀመረ፤ ይህም በሌላዋ ልጁ በማሪያ ስም የተሰየመ ነው። ማይኤስኪውኤልም እስካሁን በክፍት ምንጭነቱ አለ፤ አልጠፋም፣ አልተዘጋም። ፍትሐዊ ለመሆን ይህን ማለት አለብኝ።

እንግዲህ አንድ ፕሮግራም በማይኤስኪውኤል ቋንቋ ተጽፎ ኖሮ ወደ ፖስትግሬስ ይዛወር ሲባል ምን ይከሰታል?

መጀመሪያ ጥቃቅኑ ነገር ይመጣል። የሰንጠረዥን ስም ለመክበብ ማይኤስኪውኤል ወደ ኋላ ያዘነበለች ነጠላ ጭረት ይጠቀማል፤ ፖስትግሬስ ይህችን ምልክት አያውቃትም፣ ደረጃው የሚያዘውን ድርብ ትእምርተ ጥቅስ ይፈልጋል። ለአዲስ ረድፍ ተከታታይ ቁጥር የሚሰጡበት መንገድ ይለያያል። «ይህ ተማሪ ካለ አስተካክለው፣ ከሌለ መዝግበው» የሚለውን ትእዛዝ ሁለቱም በየራሳቸው ዘዬ ነው የሚሉት፤ ፖስትግሬስ ጭራሹን ይህን በአንድ አረፍተ ነገር መናገር የቻለው በ2016 መጀመሪያ በወጣው 9.5 ስሪቱ ነው። እነዚህ በአንድ ሳምንት ትዕግሥት የሚታረሙ ናቸው።

ከባዱ ስሕተት መሆኑን ሳይናገር የሚኖረው ነው። ማይኤስኪውኤል ከተለመደው አቀማመጡ ካልተነካ በላቲን ፊደል የተጻፈ ስም ሲፈልግ ትልቅና ትንሽ ፊደልን አይለይም፤ ፖስትግሬስ ግን ይለያል። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው አማርኛ ብቻ ለሚጽፍ ሰው ይህ ተራ ወሬ ነው። ጅማ ላይ ግን የተማሪው ስም በአፋን ኦሮሞ፣ በቁቤ ይጻፋል። ጸሐፊዋ «ቶሎሳ»ን በትንሽ ፊደል ጀምራ ስትፈልግ ትናንት ያገኘችውን ልጅ ዛሬ አታገኘውም። ፕሮግራሙ አልተበላሸም፤ ምንም የስሕተት መልእክት አይወጣም፤ ልጁ ብቻ «የለም» ይባላል። ለወላጅ ይህ ከዜሮዎቹ የከፋ ነው። (ሀ እና ሐ፣ ሰ እና ሠ፣ ጸ እና ፀ አንድ ድምፅ መሆናቸውንማ ሁለቱም በራሳቸው አያውቁትም። ፀሐይን በጸሎቱ ጸ የጻፈ ሰው የትም አያገኛትም። ያ የራሳችን የቤት ሥራ ነው።)

ሌላው በቡድን መደመር ነው። «የየክፍሉን ተማሪ ብዛት ቁጠርልኝና ስማቸውንም ንገረኝ» ቢባል ጥያቄው ራሱ ጎደሎ ነው፤ ብዛቱ አንድ ነው፣ ስሙ ግን አርባ፤ የማንን ስም? አሮጌው ማይኤስኪውኤል ከአርባዎቹ አንዱን እንደ ዕጣ አንሥቶ ይሰጣል። ፖስትግሬስ «ጥያቄህን አስተካክል» ብሎ ይመልሳል። እንዲህ ዓይነት ጎደሎ ጥያቄ በብዙ ፕሮግራሞች ውስጥ ለዓመታት ተቀብሮ ይኖራል።

ማይኤስኪውኤል ከጊዜ በኋላ ራሱን አርሟል። በ2015 የወጣው 5.7 ስሪት በተለመደው አቀማመጡ ጥብቅ ሆኗል፤ የማይኖር ቀን አይቀበልም፣ ጎደሎ ጥያቄም አይመልስም። ታዲያ የእኛ ትምህርት ቤት ዜሮ ከየት መጣ? ፕሮግራሙን ስጭን የተከተልኩት መመሪያ ላይ «ጥብቅነቱን አጥፉ» የሚል መስመር ነበር። ሠሪዎቹ የቆየ ኮዳቸው በጥብቁ አሠራር ስላልሄደላቸው መዝገብ ያዡን አፉን አስያዙት፤ እኔም ሳላነብ በሚባል ፍጥነት የተባልኩትን አደረግኩ። ይህን ያስታወስኩት ሁለት ገጽ ውዳሴ ጽፌ ከላክሁ በኋላ ነው።

ፖስትግሬስን ለመውደድ ከዚህ የተለየ ምክንያትም አለኝ፤ እርሱም መብራት ነው። የፕሮግራም ስሪት ሲታደስ የሰንጠረዦቹ ቅርጽ አብሮ ይለወጣል፦ አንድ ዓምድ ይጨመራል፣ ሌላው ስሙ ይቀየራል፣ ሦስተኛው ለሁለት ይከፈላል። ፖስትግሬስ እነዚህን ለውጦች በአንድ እሽግ አስሮ «ወይ ሁሉም፣ ወይ ምንም» ማለት ይችላል። ከአሥሩ ለውጥ ሰባተኛው ላይ መብራት ቢጠፋ፣ ሲመለስ ሰንጠረዦቹን እንደ ቀድሞው ታገኛቸዋለህ። በማይኤስኪውኤል ግን እያንዳንዱ የቅርጽ ለውጥ ወዲያውኑ ይጸናል፤ ሰባተኛው ላይ ከጠፋ ስድስቱ ተለውጠው አራቱ ሳይለወጡ ይቀራሉ፤ ፕሮግራሙ አሮጌም አዲስም አይሆንም። መብራት በማይቋረጥበት አገር ለሚኖር ሠሪ ይህ የመጽሐፍ ወሬ ሊመስለው ይችላል። ጅማ ላይ በክረምት ሰርቨር ያደሰ ሰው ግን ሌሊቱን ያስታውሳል።

የፊደል ነገርም አለ። ማይኤስኪውኤል ለረጅም ዘመን «ዩቲኤፍ 8» እያለ ያቀርበው የነበረው የፊደል አቀማመጥ ለአንድ ፊደል ከሦስት ባይት (ባይት የኮምፒውተር የቦታ መለኪያ ነው) በላይ ቦታ አይሰጥም ነበር፤ እውነተኛው ግን እስከ አራት ይሄዳል። የግዕዝ ፊደል በ1999 ዩኒኮድ በተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ መዝገብ ውስጥ ሲገባ ያገኘው ስፍራ በሦስት ባይት ስለሚበቃ አማርኛ ጉዳት አልደረሰበትም። በ2021 ግን ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያገለግሉ ተጨማሪ ፊደላት ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል፤ እነዚህ አራት ባይት ይፈልጋሉ። በአሮጌውና በላላው አሠራር እንዲህ ያለ ፊደል ሲመጣ ጽሑፉ ከዚያች ፊደል ጀምሮ ይቆረጣል። ማይኤስኪውኤል ይህንንም በ2018ቱ 8.0 ስሪት በተለመደው አቀማመጡ አስተካክሎታል፤ ነገር ግን በየትምህርት ቤቱ ያለው ሰንጠረዥ የተፈጠረው ከዚያ በፊት ሊሆን ይችላል። ጅማ የብዙ ቋንቋ ከተማ ናት፤ ፊደሉ ለሁሉም መድረስ አለበት።

ምክንያቱ ይህን ያህል ካማረ ፕሮጀክቶቹ ለምን አይቀይሩም? ይህን የገለጡልኝ ኮምፒውተር የማይነኩ ሰው ናቸው። አንድ የማውቃቸው ቡና አቅራቢ ሐጂ አሉ፤ የመጋዘናቸው መዝገብ ያዥ ከጉርምስናው ጀምሮ እርሳቸው ዘንድ ያለ ሰው ነው፤ ጽሕፈቱ ከእርሱ በቀር ለማንም አይነበብም። አንድ ቀን «ሐጂ፣ ለምን በኮምፒውተር የሚጽፍ ወጣት አይቀጥሩም?» አልኳቸው። ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ልጄ፣ አንተ ወጣቱን አምጥተህ ትሄዳለህ። ወጣቱ የታመመ ዕለት የምትመጣው አንተ ነህ?» አሉኝ።

ለክፍት ምንጭ ፕሮጀክት ሠሪዎችም ጥያቄው ይኸው ነው። አብዛኞቹ ከመደበኛ ሥራቸው በኋላ ማታ የሚሠሩ ሰዎች ናቸው። ሁለተኛ ዳታቤዝ መቀበል ማለት ኮዱን አንድ ጊዜ መተርጎም ብቻ አይደለም። ከዚያ በኋላ የሚጻፍ እያንዳንዱ መስመር በሁለቱም ላይ መፈተን አለበት፤ የሚመጣ አቤቱታ ሁሉ «በየትኛው ላይ?» ተብሎ መጣራት አለበት፤ መመሪያው ሁለት ምዕራፍ ይሆናል፤ ማሻሻያው ሁለት መንገድ ይኖረዋል። ያመጣው ሰው ከስድስት ወር በኋላ ሥራ ቀይሮ ቢጠፋ ሸክሙ ይቀራል፤ ፖስትግሬስን በማያውቅ ሰው ጫንቃ ላይ።

ጊትላብ የተባለው የኮድ ማከማቻ ሁለቱንም ለዓመታት ሲደግፍ ኖሮ በ2019 በ12.1 ስሪቱ ማይኤስኪውኤልን አሰናበተ፤ ሁለት ዘዬ መናገር ስለከበደው በአንዱ ጠለቅ ብሎ መናገርን መረጠ። ሌላው የድረ ገጽ መሥሪያ ድሩፓል የተለየ መንገድ ሄደ፦ በ2011 የወጣው ሰባተኛው ስሪት በፕሮግራሙና በዳታቤዙ መካከል አስተርጓሚ ንብርብር አስቀመጠ፤ ተጨማሪ ክፍል የሚጽፉ ሰዎች ለአስተርጓሚው ይናገራሉ፣ እርሱ ለማይኤስኪውኤልም ለፖስትግሬስም ለኤስኪውላይትም በየዘዬያቸው ያደርሳል። የትምህርት ማስተማሪያው ሙድልም እንዲሁ አስተርጓሚ አለው። ዎርድፕሬስ ግን ዛሬም ማይኤስኪውኤል ወይም ማሪያዲቢ ይላል። ግትርነት አይደለም። በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ተጨማሪ ክፍሎች በሌሎች ሰዎች ተጽፈውለታል፤ ብዙዎቹ በቀጥታ በማይኤስኪውኤል ዘዬ ይናገራሉ። ዋናው ቤት ቢዛወር እንኳ እነዚያን ሁሉ ጎረቤቶች ማን ያዛውራል?

የተዛወሩም አሉ። የዓለምን ካርታ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው ኦፕንስትሪትማፕ በ2009 ከማይኤስኪውኤል ወደ ፖስትግሬስ ተሻገረ፤ የጅማን መንገዶችና የአወይቱን ወንዝ የያዘው ካርታም ዛሬ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ኦዱ የተባለው የንግድ ሥራ ፕሮግራም ከፖስትግሬስ በቀር አያውቅም። የአገራችን ጤና ሚኒስቴር የሚጠቀምበት፣ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የጤና መረጃ ሥርዓት ዲኤችአይኤስ ቱ የሚሠራው በፖስትግሬስ ነው። በተቃራኒው የታክሲ ጥሪ ኩባንያው ኡበር በ2016 ከፖስትግሬስ ወደ ማይኤስኪውኤል ለምን እንደሄደ በዝርዝር አስረድቷል፦ ፖስትግሬስ አንድ ረድፍ ሲታረም አዲስ ቅጂ ይጽፋል፤ ሰንጠረዡ ረድፍን ፈጥኖ ለማግኘት የሚያገለግል ብዙ ማውጫ ካለው ሁሉንም ማውጫ ለመንካት ሊገደድ ይችላል፤ ለእነርሱ ዓይነት ሥራ ይህ ከበዳቸው። ይህን ታሪክ የሚደብቅ የፖስትግሬስ ወዳጅ ካለ አትመኑት። በስልክ ውስጥ ለሚቀመጥ ትንሽ ፕሮግራም ደግሞ ሁለቱም አያስፈልጉም፤ በአንድ ፋይል የሚያድረው ኤስኪውላይት ይበቃል፤ አንድሮይድ ስልክ ሁሉ ይዞት ይዞራል።

በአገራችን ገበሬ የጋራ ሥራ ሁለት ዓይነት ነው። ደቦ የጠራ ሰው ምግቡንና መጠጡን አሰናድቶ ነው የሚጠራው። ወንፈል ደግሞ ብድር ነው፤ ዛሬ እኔ ለአንተ ስቆፍር ነገ አንተ ለእኔ ትቆፍራለህ፣ ቀኑም ይቆጠራል። የእኔ ሁለት ገጽ ደብዳቤ ከሁለቱም አይደለም፤ ምግብ ያላሰናዳ፣ ዶማም ያልያዘ ሰው የሰው ማሳ ዳር ቆሞ «እርሻችሁ ቢገለበጥ ይሻላል» ሲል ነው።

ስለዚህ ዶማ ይዤ ተመለስኩ። የመጀመሪያው ሥራ መቁጠር ነበር፦ ኮዱን ከፍቼ ለማይኤስኪውኤል ብቻ የሚሆኑትን ትእዛዞች ፈለግኩ። ከመቶ በላይ ሆኑ፤ ግማሽ ያህሉ ግን ያቺ ያዘነበለች ጭረት ናት። ከዚያ የፖስትግሬስን ስም ሳላነሣ በትምህርት ቤቱ ኮምፒውተር ቅጂ ላይ የማይኤስኪውኤልን ጥብቅነት መልሼ አበራሁና የሚሰበረውን ጠበቅኩ። ሁለት ቦታ ተሰበረ። አንዱ ከላይ ያልኩት ጎደሎ የቡድን ጥያቄ ነው፤ በሪፖርቱ ላይ ከክፍሉ ተማሪዎች የአንዱን ስም በዘፈቀደ ያወጣ ነበር። ሁለተኛው ባዶ የቀረ የምዝገባ ቀን ሲመጣ ዜሮ የሚጽፍ መስመር ነው። ሁለቱን አርሜ ላክሁ።

ይህ ቅደም ተከተል በአጋጣሚ የመጣ አይደለም፤ ለሌላ ሰው የምመክረውም ይህንኑ ነው። ፖስትግሬስ የሚጠይቀው ንጽሕና አብዛኛው ማይኤስኪውኤልንም የሚጠቅም ነው። «ዳታቤዝ ቀይሩ» ቢባሉ እምቢ የሚሉ ሠሪዎች «ይህ መስመር በእናንተው ዳታቤዝ ላይ የተሳሳተ ሪፖርት ያወጣል፤ ማረሚያው ይኸው» ቢባሉ በደስታ ይቀበላሉ። ከአሥር እንዲህ ዓይነት እርማት በኋላ ወደ ፖስትግሬስ ያለው ርቀት ያለ አንዳች ክርክር በግማሽ ይቀንሳል፤ አንተም እንግዳ መሆንህ ይቀራል።

ቀጥሎ የሚመጣው አስተርጓሚው ነው። በየቦታው የተበተኑትን ትእዛዞች ወደ አንድ ስፍራ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ፕሮግራሙ የተጻፈበት መሣሪያ ራሱ አስተርጓሚ ካለው፣ ለምሳሌ ጃንጎ በተባለው የድረ ገጽ ፕሮግራም መሥሪያ የተሠራ ከሆነ፣ ትልቁ ድካም አስቀድሞ ተሠርቶልሃል። ከሌለው እያንዳንዱን ትእዛዝ በእጅ ማንሣት ነው። ከኮዱ ቀጥሎ ፈተናው፦ ማንም ሰው ለውጥ በላከ ቁጥር ፕሮግራሙ በሁለቱም ዳታቤዝ ላይ ራሱን በራሱ የሚፈትንበት ሥርዓት ከሌለ ፖስትግሬስ በሚቀጥለው ወር ይሰበራል፤ ማንም ሳያውቅ። ይህን ሥርዓት አዘጋጅቶ ያላመጣ ሰው ኮድ ቢያመጣም ገና ምንም አላመጣም ብል አላጋነንኩም። የነባር ተጠቃሚዎችን መረጃ ማሻገሩ ከሚያስፈራው ይቀላል፤ ፒጂሎደር የተባለ ነጻ መሣሪያ ሰንጠረዦቹን ከማይኤስኪውኤል አንሥቶ ፖስትግሬስ ውስጥ ያስቀምጣል፣ የዜሮ ቀኖችንም ወደ ባዶ ይለውጣቸዋል።

በመጨረሻ የሐጂ ጥያቄ አለ። «በፖስትግሬስ ላይ የሚነሣ አቤቱታ ሁሉ ለእኔ ይምጣ» ብሎ በጽሑፍ ቃል መግባት ያስፈልጋል፤ ብቻውን የማይችል ሁለተኛ ሰው ይፈልግ። ሠሪዎቹ «ገና በሙከራ ላይ» የሚል ምልክት ለጥፈውበት አንድ ሁለት ስሪት ቢያቆዩት ቅር ሊል አይገባም።

እስካሁን የደረስኩበት ይህ ነው፦ ሁለቱን እርማቶች ተቀብለው በሚቀጥለው ስሪት አስገብተዋቸዋል፤ «ጥብቅነቱን አጥፉ» የሚለውም መስመር ከመመሪያው ወጥቷል። አስተርጓሚውን ጀምሬዋለሁ፤ ግማሽ አልደረስኩም፤ ማታ ማታ እሠራዋለሁ። ትምህርት ቤቱ ዛሬም ያለው በማይኤስኪውኤል ነው፤ ጥብቅነቱን ግን አብርቼዋለሁ። የልጁ ካርድ በእጅ ታርሞ ታትሟል። የእኛን ቀን ተቀብሎ ወደ ፈረንጁ የሚመልስ፣ ጥቅምት 30 ቀን 2009ን ኖቬምበር 9 ቀን 2016 ብሎ የሚያስቀምጥና ሲያሳይ እንደገና ጥቅምት 30 የሚል ቅጽም ለመጨመር አስቤ ነበር፤ ግን ነገ ዛሬ እያልኩ አቆየሁት።

በሳምንቱ የትምህርት ቤቱ ጸሐፊ ደወለችልኝ። «አንዲት ልጅ ልመዘግብ ነበር፤ ጳጉሜን 3 ብዬ ስጽፍ በቀይ ጽሑፍ እምቢ አለኝ፤ ተበላሽቷል መሰለኝ» አለችኝ።

አልተበላሸም አልኳት። ስልኩን ዘግቼ ቅጹን መጻፍ ጀመርኩ።